ፈቃዱን ማን ሰጠ? ዋሱስ ማን ነው?

ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። አጎት በሜሪላንድ በሂሳብ ምርመራ ሥራ ቆይተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ የሕግ ተማሪ ስትሆን፣ ስለ አሜሪካ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ቁጥጥር ጽሑፍ እያዘጋጀች ነው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ ጽሑፌን አንብበው ጨረሱ?

አጎት፦ ጨርሻለሁ። ማስረጃሽ ሞልቷል፣ አጻጻፍሽም ያምራል። ድምዳሜሽ ግን አልተዋጠልኝም። ክፍለ ግዛቶች ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ፈቃድ የመስጠት ሥልጣናቸውን በ1989 ጨርሰው ማጣት ነበረባቸው ብለሻል።

የእህት ልጅ፦ ታዲያ ምን ጎደለው? አገሩ አንድ፣ ገንዘቡ አንድ ነው። ሁለት ፈቃድ ሰጪና ሁለት ተቆጣጣሪ ምን ያደርጋል? የከሰሩትን ስም ይቁጠሩልኝ፦ በቴክሳስ ኤምፓየር ሴቪንግስና ቨርነን ሴቪንግስ፣ በካሊፎርኒያ ሊንከን ሴቪንግስ፣ በኦሃዮ ሆም ስቴት፣ እዚሁ በሜሪላንድ ደግሞ ኦልድ ኮርት። የሁሉም ፈቃድ የክፍለ ግዛት ነበር።

አጎት፦ ዋሺንግተን ሙቹዋልን ለምን ዘለልሽው?

የእህት ልጅ፦ እሱ የሌላ ዘመን ታሪክ ነው።

አጎት፦ ዘመኑ ሌላ ይሁን እንጂ ፈቃዱ የፌደራል ነበር። በሴፕቴምበር 2008 ሲዘጋ 307 ቢሊዮን ዶላር ሀብት ነበረው፤ በአሜሪካ ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ የባንክ ውድቀት የለም። እንመለስበታለን። አሁን ግን ክፍለ ግዛቶቹ በዚህ ጉዳይ እንዴት እንደገቡ እንይ፤ ጽሑፍሽ ነገሩን ከ1980 ይጀምረዋልና።

የእህት ልጅ፦ እሺ፣ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

አጎት፦ በ1831 በፊላደልፊያ ጥግ ባለችው ፍራንክፎርድ ጥቂት ጎረቤታሞች ኦክስፎርድ ፕሮቪደንት የተባለ የቤት መሥሪያ ማኅበር መሠረቱ። በየወሩ ያዋጣሉ፤ የተጠራቀመውን ለአንድ አባል ያበድራሉ፤ እሱም ቤት ይገዛበታል። ሁሉም ባለቤት ሲሆን ማኅበሩ ሊፈርስ ነው። የመጀመሪያው ብድር 375 ዶላር ነበር፤ የወሰደው ኮምሊ ሪች የተባለ የመንገድ መብራት ለኳሽ ነው።

የእህት ልጅ፦ ዕቁብ ነዋ!

አጎት፦ ለዕቁብ ይቀርባል። ልዩነቱ ተራው በዕጣ ሳይሆን በጨረታ መውጣቱ፣ መያዣውም ቤቱ ራሱ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል እነዚህ ማኅበራት በመላ አገሪቱ ሲስፋፉ ፈቃድ የሚሰጣቸውም ሆነ መዝገባቸውን የሚያየው ክፍለ ግዛት ብቻ ነበር። ዋሺንግተን በጉዳዩ አልነበረችበትም።

የእህት ልጅ፦ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት እስኪመጣ ድረስ።

አጎት፦ አዎ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ሕግ ወጣ። በ1932 ፕሬዚዳንት ሁቨር የቤት ብድር ባንኮችን ሕግ ፈረሙ፤ ለማኅበራቱ ገንዘብ የሚያበድሩ 12 የአካባቢ ባንኮችና የበላይ ቦርድ ተቋቋሙ። በ1933 የፌደራል ፈቃድ መጣ። በ1934 የፌደራሉ የቁጠባና ብድር መድን ድርጅት ተመሠረተ፤ ለአንድ ቆጣቢ እስከ 5,000 ዶላር ዋስ ሆነ። አሁን እዚህ ላይ ልብ በይ፦ የፌደራል ፈቃድ ያለው ማኅበር መድኑ ውስጥ መግባት ግዴታው ነበር። የክፍለ ግዛት ፈቃድ ያለውም ከፈለገና መስፈርቱን ካሟላ መግባት ይችል ነበር።

የእህት ልጅ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው! ፈቃድ የሚሰጠው አንዱ፣ ዕዳ የሚከፍለው ሌላው። በሌላ ሰው ኪስ ቸር መሆን እንዴት ይቀላል!

አጎት፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን እስከ 1970ዎቹ ድረስ ይህ ዝግጅት ያን ያህል ችግር እንዳላመጣም መዝግቢው። የፌደራል ማኅበራት መጀመሪያ ላይ በ50 ማይል ክልል ውስጥ ላሉ ቤቶች ነበር የሚያበድሩት። ክፍለ ግዛቶችም ከዚህ ብዙ የራቀ ሕግ አልነበራቸውም። ሁለቱም የሚፈቅዱት ያው የቤት ብድር ስለነበር ፈቃዱ ከየትም ይምጣ ዋሱ ላይ የሚደርሰው አደጋ ተቀራራቢ ነበር።

የእህት ልጅ፦ ከሆነ ለምን ሁለት አስፈለገ? አንዱ ይበቃ ነበር።

አጎት፦ “ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል ካንዱ ተንጠልጠል” ይላል ያገራችን ሰው። ዋሺንግተን በሩን ስትዘጋ ክፍለ ግዛት ይከፍተዋል። ማሳቹሴትስን ተመልከቺ። በ1970 በዉስተር ከተማ ያለ አንድ የቁጠባ ባንክ ደንበኞቹ ወለድ ከሚከፍል ሂሳባቸው ላይ እንደ ቼክ እየጻፉ ወጪ እንዲያደርጉ ልፍቀድ አለ። ተቆጣጣሪው ከለከለው፤ በ1972 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈቀደለት። ከዚያ ኮንግረስ በ1980 ሕግ ለመላው አገር አጸደቀው። ዛሬ ሰው ሁሉ ወለድ በሚከፍል ሂሳብ ላይ ቼክ የሚጽፈው ያኔ አንድ ክፍለ ግዛት በሩን ስለከፈተ ነው።

የእህት ልጅ፦ እሱ የቁጠባ ባንክ እንጂ የቁጠባና ብድር ማኅበር አይደለም።

አጎት፦ እውነትሽን ነው። እንግዲያውስ ካሊፎርኒያን ውሰጂ። የክፍለ ግዛት ፈቃድ የነበራቸው ማኅበራት በ1970ዎቹ አጋማሽ ወለዱ ከገበያው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል የቤት ብድር መስጠት ጀምረው ነበር። የፌደራሎቹ ግን እስከ 1979 ድረስ ለ30 ዓመት በማይነቃነቅ ወለድ እንዲያበድሩ ተገደው ቆዩ። ከዚያ የማዕከላዊ ባንኩ የፌደራል ሪዘርቭ ሊቀመንበር ፖል ቮልከር የዋጋ ንረቱን ለመግታት ገንዘቡን ጨበጠ፤ በ1980 መጨረሻ ባንኮች ለምርጥ ደንበኞቻቸው የሚያበድሩበት ወለድ 21.5 በመቶ ደረሰ። ለ30 ዓመት በ6 በመቶ ያበደረ ማኅበር ለቆጣቢው ከዚያ በላይ ካልከፈለ ገንዘቡ ጥሎት ይሄዳል፤ ከከፈለ ደግሞ በየወሩ ይከስራል። መላ አገሪቱ የካሊፎርኒያን መንገድ በጊዜ ብትከተል ኖሮ ጉዳቱ ይቀንስ ነበር።

የእህት ልጅ፦ ይህን በጽሑፌ አላስገባሁትም፤ አስገባዋለሁ። ግን ያቺ ባላ የተተከለችው ለማን ነው? ለተንጠልጣዩ ነው እንጂ ለቆጣቢው አይደለም። በ1980 ኮንግረስ ለፌደራል ማኅበራት ሰፊ ሥልጣን ሲሰጥ የካሊፎርኒያ ትልልቅ ማኅበራት ምን አደረጉ? የክፍለ ግዛት ፈቃዳቸውን ጥለው የፌደራሉን ያዙ። የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት የሚተዳደረው ከማኅበራቱ በሚሰበስበው ክፍያ ስለነበር ገቢው ነጠፈ፣ መርማሪዎቹም ተበተኑ። ታዲያ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ምን አለ? እነሱን ለመመለስ ከፌደራሉ የበለጠ ልፍቀድ!

አጎት፦ የኖላን ሕግ።

የእህት ልጅ፦ አዎ፣ በ1982 የወጣውና ከጃንዋሪ 1983 ጀምሮ የጸናው። የክፍለ ግዛት ፈቃድ ያለው ማኅበር የሰበሰበውን ተቀማጭ እስከ 100 በመቶ በፈለገው ሥራ ላይ እንዲያውል ፈቀደ፤ ቤት ማበደሩ ቀርቶ። መሬት ይግዛ፣ ሆቴል ይሥራ፣ የአክሲዮን ቁማር ይጫወት፤ የሚከለክለው የለም። በዚያው ዓመት የወጣው የፌደራሉ ጋርን–ሴንት ጀርሜይን ሕግ እንኳ ለንግድ ሕንፃዎች የሚሰጠውን ብድር ከሀብቱ 40 በመቶ ላይ ወስኖት ነበር። ካሊፎርኒያ ወሰኑን ራሱን አነሳችው። ኪሳራው ሲመጣ ግን ካሊፎርኒያ አንዲት ሳንቲም አትከፍልም።

አጎት፦ ከፋዩ በዋሺንግተን ያለው መድን ነው። ደህና አድርገሽ አየሽው። ግን ጣቱ ሁሉ ወደ ካሊፎርኒያ ብቻ አይጠቁም። ማን ነው በ1980 የመድኑን ጣሪያ ከ40,000 ወደ 100,000 ዶላር ከፍ ያደረገው?

የእህት ልጅ፦ ኮንግረስ።

አጎት፦ አንድ ማኅበር ከራሱ እንዲይዝ የሚጠየቀውን ካፒታል ከ5 በመቶ ወደ 4፣ ከዚያ በ1982 ወደ 3 በመቶ ያወረደውስ? ቢያንስ 400 ባለአክሲዮኖች ይኑሩ የሚለውን ገደብ አንስቶ አንድ ሰው ብቻውን ማኅበር እንዲይዝ የፈቀደውስ?

የእህት ልጅ፦ የቤት ብድር ባንኮቹ የፌደራል ቦርድ።

አጎት፦ ስለዚህ በሩን ሁለቱም ከፍተውታል። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ መቃኑን ሳይቀር ነቅለውት ይሆናል፤ ቁልፉን ግን መጀመሪያ የፈታው ፌደራሉ ነው። ጽሑፍሽ ይህን ካልተናገረ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እያየ ነው።

የእህት ልጅ፦ ይሁን። ግን ሊንከን ሴቪንግስን እንዴት ያስረዱኛል? ቻርልስ ኪቲንግ በ1984 ገዛው። ካሊፎርኒያ ሁሉን ፈቀደችለት፤ ገንዘቡን በአሪዞና መሬትና በዝቅተኛ ደረጃ ቦንዶች ላይ አፈሰሰው። የፌደራሉ ቦርድ ሊቀመንበር ኤድዊን ግሬይ ነገሩ ስላስፈራው በ1985 አንድ ደንብ አወጣ፦ መድን ያለው ማኅበር በቀጥታ የሚያካሂደው ኢንቨስትመንት ከሀብቱ 10 በመቶ አይበልጥ። ክፍለ ግዛት ቢፈቅድም አይበልጥ። ያኔ ነበር የመጀመሪያው ግልጽ ፍጥጫ።

አጎት፦ ዋሱ ለፈቃድ ሰጪው “እኔ የምከፍለውን አንተ አትፈቅድም” ያለበት ቀን።

የእህት ልጅ፦ ግን ሰሚ አላገኘም። የፌደራሉ የሳን ፍራንሲስኮ መርማሪዎች በ1986 ሊንከን ከገደቡ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አልፎ እንደሄደ አገኙ። በኤፕሪል 1987 አምስት ሴናተሮች ተቆጣጣሪዎቹን ጠርተው ስለ ሊንከን ጠየቁ፤ የምርጫ መዋጮ ከኪቲንግ የተቀበሉ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ ከሳን ፍራንሲስኮ መርማሪዎች እጅ ወጥቶ ወደ ዋሺንግተን ተዛወረ። ሊንከን የተያዘው በኤፕሪል 1989 ነው፤ ያስከተለው ወጪ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በቅርንጫፎቹ ውስጥ የኪቲንግን ኩባንያ ቦንድ የገዙት ከ20,000 በላይ ሰዎች ደግሞ፣ ብዙዎቹ አረጋውያን፣ ቦንድ መድን የለውምና ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

አጎት፦ አሁን ራስሽ ያልሽውን ስሚው። መርማሪዎቹ የፌደራል ነበሩ፤ አስቀድመው ደረሱበት። ያዘገዩአቸውም የፌደራል ሴናተሮችና የዋሺንግተን አለቆች ናቸው። አንድ ተቆጣጣሪ ብቻ ቢኖር ኖሮ ጫና የሚያደርግ ሰው የሚሄድበት በር አንድ ይሆናል፤ እሱንም ደህና አድርጎ ያውቀዋል።

የእህት ልጅ፦ ሁለት በር ሲኖርስ? ወደ ሰነፉ ይሄዳል። ምርጫው ይህ ከሆነ አንዱ ይሻለኛል።

አጎት፦ ወደ ኦሃዮና ወደ ሜሪላንድ እንለፍ። እዚያ ፈቃድ ሰጪውም ዋሱም በክፍለ ግዛቱ ውስጥ ነበሩ፤ አንቺ የምትፈልጊው አንድነት በትንሽ ቅርጽ ነበረ ማለት ነው።

የእህት ልጅ፦ እሱማ ለእኔ የሚመሰክር ይመስለኛል።

አጎት፦ እንየው። በኦሃዮ 70 ያህል ማኅበራት የፌደራል መድን አልነበራቸውም፤ የኦሃዮ ዲፖዚት ጋራንቲ ፈንድ የሚባል የግል ዋስትና ነበራቸው። በሲንሲናቲ ያለው ሆም ስቴት ከአባላቱ ትልቁ ነው። ገንዘቡን በፍሎሪዳ ፎርት ላውደርዴል ከነበረ ኢኤስኤም ከተባለ የቦንድ ነጋዴ ጋር አጣብቆት ኖሯል። ኢኤስኤም በማርች 1985 ሲፈርስ የሆም ስቴት ጉድለት ብቻውን የዋስትናውን ፈንድ ዋጠው። ሕዝቡ ወደ ሌሎቹም ተመመ፤ ገዥው ሪቻርድ ሴለስቲ ማርች 15 ሁሉንም ዘጓቸው።

የእህት ልጅ፦ ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ የሜሪላንድ ተራ ደረሰ።

አጎት፦ ያኔ እዚህ አዲስ መጤ ነበርኩ። ሰው ወንበርና ብርድ ልብስ ይዞ ከሌሊት ጀምሮ በማኅበራቱ ደጃፍ ይሰለፍ ነበር። በመጀመሪያ የተነሳው የባልቲሞሩ ኦልድ ኮርት ነው፤ የማኅበሩ መሪ ጄፍሪ ሌቪት በኋላ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ በመዝረፍ ጥፋተኛ መሆኑን አምኖ 30 ዓመት ተፈረደበት። ገዥው ሃሪ ሂዩዝ በሜይ 14 ቀን፣ በግል ዋስትናው ሥር ካሉት ማኅበራት አንድ ሰው በወር ከ1,000 ዶላር በላይ እንዳያወጣ አዘዙ። የቤት ቀብድ ለመክፈል ያጠራቀመ ሰው በወር 1,000 ብቻ! የአንዳንዶቹ ገንዘብ ተሟልቶ እስኪመለስ ዓመታት ወሰደ።

የእህት ልጅ፦ ይኸው! ክፍለ ግዛት አቅም የለውም ማለት ነው።

አጎት፦ ወይስ ዋሱ ዋስ አልነበረም? የሜሪላንዱ ዋስትና ድርጅት በ1962 በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሕግ ቢቋቋምም የመንግሥት ገንዘብ ከኋላው አልነበረም። ስሙ ግን የመንግሥት ይመስላል። የቦርዱ አባላት አብዛኞቹ ዋስ የሚሆኑላቸው ማኅበራት መሪዎች ነበሩ። ተበዳሪና ዋስ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። ችግሩ የክፍለ ግዛት መሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማሳቹሴትስን አስረጂኝ፦ የቁጠባ ባንኮቿ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያላቸው የዋስትና ፈንድ ዛሬም አለ፤ ከፌደራሉ መድን ጣሪያ በላይ ያለውን ተቀማጭ ይሸፍናል። አባላቱ የፌደራሉንም መድን ይዘዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን እየሠሩ ነው።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ ስለ ወጪው አንድ ቁጥር ላንሳ። ከ1986 እስከ 1995 ከነበሩት 3,234 የቁጠባና ብድር ተቋማት 1,043ቱ ተዘጉ። ጠቅላላ ወጪው ወደ 153 ቢሊዮን ዶላር፤ ከዚህ 124 ቢሊዮኑን ግብር ከፋዩ ሸፈነ። ሜይን ያለ ዓሣ አጥማጅ የቴክሳስን ባዶ ኮንዶሚኒየም ከፈለ። የቴክሳስ ሕግ አውጪዎችን እሱ አልመረጣቸውም። ፍትሑ የቱ ጋ ነው?

አጎት፦ ከተናገርሽው ሁሉ ይህ ነው ጠንካራው። ጽሑፍሽ በዚህ ይጀምር። ሰው ያልወሰነውን አይክፈል፤ የሚከፍልም ይወስን። ግን ከዚህ እውነት “የክፍለ ግዛት ፈቃድ ይጥፋ” የሚል መደምደሚያ አይወጣም። የሚወጣው የ1989ኙ ሕግ ራሱ የደረሰበት ነው።

የእህት ልጅ፦ የፕሬዚዳንት ቡሽ፣ የኦገስት 1989ኙ።

አጎት፦ ምን አደረገ? የቤት ብድር ባንክ ቦርዱን አፈረሰ። የከሰረውን መድን ዘግቶ ዋስትናውን የባንክ ተቀማጭ ዋስ ለሆነው የፌደራል ድርጅት፣ ለኤፍዲአይሲ አስረከበ። የክፍለ ግዛት ፈቃድ ግን አልሻረም። ያለው ይህን ነው፦ ክፍለ ግዛት ፈቃድ ይስጥ፤ ግን ማኅበሩ የፌደራል ማኅበር ከሚፈቀድለት ያለፈ ሥራ መሥራት ከፈለገ፣ ካፒታሉ የሞላ መሆን አለበት፤ ኤፍዲአይሲም ሥራው ለመድኑ አደጋ እንደማያመጣ ካላረጋገጠ አይቻልም። የኖላን ሕግ አልተሰረዘም ብትዪም በዚያ ቀን ጥርሱ ወለቀ።

የእህት ልጅ፦ እንግዲያውስ የክፍለ ግዛት ፈቃድ ምን ቀረው? ሥልጣኑ ከፌደራሉ ካልበለጠ ባዶ ስም ነው።

አጎት፦ አይደለም። መርማሪው አካባቢውን ያውቃል፤ የትኛው መንደር ላይ የቤት ዋጋ እንደተጋነነ ከዋሺንግተን ሰው ቀድሞ ይሰማል። ትንሽ ማኅበር አቤት የሚልበት መሥሪያ ቤት በአቅራቢያው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለተበዳሪው የሚቆረቆር ሕግ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው። የ1982ቱን የዴ ላ ኩዌስታ ፍርድ አንብበሻል?

የእህት ልጅ፦ አንብቤዋለሁ። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት በ1978፣ ሰው ቤቱን ስለሸጠ ብቻ አበዳሪው ብድሩን ባንዴ ክፈል ማለት አይችልም፣ ጉዳት እንደሚደርስበት ካላሳየ በቀር አለ። ስለዚህ ገዢው የሻጩን ዝቅተኛ ወለድ ይዞ መቀጠል ይችል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን የፌደራሉ ቦርድ ደንብ ይበልጣል፤ የፌደራል ማኅበራት በካሊፎርኒያ ሕግ አይታሰሩም ብሎ ወሰነ። እኔ ግን ውሳኔው ልክ ነበር እላለሁ። ወለድ 15 በመቶ ሲሆን በ7 በመቶ ብድር ላይ መቸንከር ማኅበራቱን ይገድል ነበር።

አጎት፦ ስለ ማኅበራቱ ጤና ልክ ነሽ። ግን ያ መንገድ ወዴት እንዳመራ ተከተዪው። ከ1989 በኋላ የፌደራል ማኅበራትን የያዘው አዲሱ የቁጠባ ተቋማት ተቆጣጣሪ ቢሮ ነበር። ጆርጂያ በ2002 ጨካኝ የቤት ብድሮችን የሚከለክል ሕግ ስታወጣ ቢሮው በጃንዋሪ 2003 “የኔን ማኅበራት አይመለከትም” አለ። አሁን የዘለልሽው ታሪክ ላይ ደረስን።

የእህት ልጅ፦ ዋሺንግተን ሙቹዋል።

አጎት፦ ያ ቢሮ የሚተዳደረው በምን ነበር?

የእህት ልጅ፦ ከሚቆጣጠራቸው በሚሰበስበው ክፍያ።

አጎት፦ እንደ ካሊፎርኒያው! ዋሺንግተን ሙቹዋል ብቻውን ከቢሮው ገቢ ከ12 እስከ 15 በመቶ ይከፍል ነበር። የቤት አበዳሪው ካንትሪዋይድ በማርች 2007 ከብሔራዊ ባንኮች ተቆጣጣሪ ወጥቶ ወደዚህ ቢሮ ዞረ፤ ሁለቱም የፌደራል ናቸው! በኢንዲማክ ባንክም፣ በሜይ 2008 የገባ 18 ሚሊዮን ዶላር በማርች መጨረሻ እንደገባ ተደርጎ እንዲመዘገብ የቢሮው የምዕራብ አካባቢ አለቃ ፈቀደ፤ ባንኩ በዚያው ዓመት ጁላይ ተዘጋ። እዚህ ውስጥ ክፍለ ግዛት የት አለ?

የእህት ልጅ፦ የለም።

አጎት፦ እንግዲህ የተቆጣጣሪ ገበያ ለመክፈት ሁለት እርከን መንግሥት አያስፈልግም። ተቆጣጣሪው የሚኖረው ደንበኛውን በማስደሰት ከሆነ፣ ደንበኛውም ሲከፋው መሄጃ ካለው፣ በአንድ ጣሪያ ሥርም ያው ገበያ ይቆማል።

የእህት ልጅ፦ ቢሮው በ2010 ሕግ ፈርሷል። ከጁላይ 2011 ጀምሮ የፌደራል ማኅበራት ለብሔራዊ ባንኮች ተቆጣጣሪ ሄዱ፤ የክፍለ ግዛት ፈቃድ ያላቸው ከክፍለ ግዛቱ ጎን ለጎን ለኤፍዲአይሲ ሆኑ። የማኅበራቱ ባለቤት ኩባንያዎች ደግሞ ለፌደራል ሪዘርቭ።

አጎት፦ እስቲ አጤኚው። የክፍለ ግዛት ማኅበር ፈቃዱን ከክፍለ ግዛት ያገኛል፤ በየጊዜው የሚመረምረው ግን ዋሱ ራሱ ነው፣ ኤፍዲአይሲ። በ1934 የተለያዩት ሁለቱ ተገናኙ። ያንኑ ሕግ ሲያወጡ የፌደራል ማኅበራት ከክፍለ ግዛት የተበዳሪ ጥበቃ ሕጎች በጅምላ የሚያመልጡበትንም ቀዳዳ አጠበቡት። ዘግይቶም ቢሆን ወደ ልክ መጥቷል።

የእህት ልጅ፦ ድምዳሜዬን እለውጣለሁ፤ ግን ወደ እርስዎ ሙሉ በሙሉ አልመጣም። ሁለት ባላ መኖሩ ደግ ነው የሚለውን አልቀበልም። እኔ የምጽፈው፦ ፈቃድ ከየትም ይምጣ፤ የመጨረሻው ቃል ግን የዋሱ ይሁን። ዋሱም ሆነ ተቆጣጣሪው ከሚቆጣጠረው ተቋም ኪስ ነፃ ይሁን። ይህ ካልተሟላ ክፍለ ግዛት ፈቃድ መስጠቱ አደጋ ነው፤ ፌደራሉም መስጠቱ አደጋ ነው።

አጎት፦ አሁን ጻፍሽ! በዚህ ላይ የምጨምረው ወደ አገር ቤት ያለውን ነው። አዋጅ ቁጥር 985/2009፣ ይህ በኛ አቆጣጠር ነው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን በፌደራልና በክልል መሥሪያ ቤቶች ሥር አደረጋቸው። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በዚያው ሥር ናቸው። ባንኮችንና አነስተኛ የፋይናንስ ተቋማትን የሚቆጣጠረው ግን ብሔራዊ ባንክ ነው፤ የተቀማጭ መድን ፈንዱም የተቋቋመው ለእነዚያ ነው።

የእህት ልጅ፦ ስለዚህ አንድ አስተማሪ በመሥሪያ ቤቱ የቁጠባ ማኅበር ያስቀመጠው ገንዘብ የተመዘገበና የተመረመረ ሊሆን ይችላል። ዋሱስ?

አጎት፦ ዋሱ የአባላቱ ጥንቃቄ ነው። ማኅበሩ ትንሽ ሆኖ ሁሉም በሚተዋወቅበት ጊዜ ይህ ሊበቃ ይችላል። በሺህ የሚቆጠር አባል ይዞ፣ ከአባላቱ ውጭ ትልልቅ ሥራ ውስጥ ሲገባ ግን የኦሃዮና የሜሪላንድ ጥያቄ ይነሳል። ሰው ደጃፍ ከመሰለፉ በፊት ማንሳት ይሻላል።

የእህት ልጅ፦ እዚህ አሜሪካስ ላለው ወገናችን ምን እንበል? ሰዉ የክሬዲት ዩኒየን አባል ነው፣ ቤት ለመግዛት የቁጠባ ባንክ ውስጥ ያጠራቅማል።

አጎት፦ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ተቀማጩን ዋስ የሆነው ማን ነው? ኤፍዲአይሲ ከሆነ ወይም ለክሬዲት ዩኒየን የፌደራሉ ኤንሲዩኤ ከሆነ በአንድ ተቋም ለአንድ ሰው እስከ 250,000 ዶላር ድረስ ይሸፍናል፤ ፈቃዱ የክፍለ ግዛትም ቢሆን። ጥቂት የክፍለ ግዛት ክሬዲት ዩኒየኖች ዛሬም በግል ዋስትና ይሠራሉ። ከ1991 ጀምሮ ሕጉ የፌደራል መድን እንደሌላቸው ለደንበኛው በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ያስገድዳቸዋል፤ ማስታወቂያውን ያንብብ። ሁለተኛ፣ በመስኮቱ የሚሸጡለት ነገር ተቀማጭ ነው ወይስ ቦንድ? የሊንከን አረጋውያን የተጎዱት ያንን ባለመለየታቸው ነው። ሦስተኛ፣ የቤት ብድር ውሉ ላይ ቅሬታ ቢኖረው ለማን አቤት እንደሚል አስቀድሞ ይወቅ፤ ፈቃዱ የፌደራል ከሆነ ወደ አንዱ፣ የክፍለ ግዛት ከሆነ ወደ ሌላው ይሄዳልና።

የእህት ልጅ፦ ይህን በጽሑፌ መጨረሻ አስገባዋለሁ። ርዕሱንም እለውጠዋለሁ።

አጎት፦ ለውጪው። ፈቃድ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ነው፤ ማንም ያየዋል። ዋሱን ግን ጠይቆ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ገንዘቡን ለሌላ የሚያስረክብ ሁሉ፣ እዚህም ሆነ አገር ቤት፣ ፈርሞ ከመውጣቱ በፊት “ብትከስሩ የሚከፍለኝ ማን ነው?” ብሎ ይጠይቅ። መልሱ በስም ካልተነገረው ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።